ባንታየሁና የረግረጉ ቦይ

ባንታየሁ በሰው አገር፣ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የበቾ ልጅ ስለሆነ ጥቁር አፈር ሲያይ እጁ ወደ አካፋ ይሄዳል፤ መረሬ፣ ያ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ውሃ ሲቋጥር ቦይ ቀዶ ማንጣፈፍ ነዋ! ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ብርነሽ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ረግረግ ዳር የጎመን ማሳ ስትከራይም ያደረገው ይህንኑ ነው። ረግረጉን የሸፈነውን ደንገል መንጥሮ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈረ። የመሬቱ ከፍታ መለኪያ እንዲሆነውም ረጅም የብረት ቧንቧ እስከ ታችኛው ሸክላ ድረስ ቀበረ፤ ጫፉን ከመሬት እኩል አደረገው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ጎመን ጉድ አሰኘ። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ገና በረፋዱ ይጠወልጋል። ባለፈው ወር ባንታየሁ ብቻውን ሄዶ ሲያይ ቧንቧው ከመሬት ስንዝር ተኩል ወጥቶ ቆሟል። ቧንቧው አልተነሳም፤ መሬቱ ነው የወረደው። ግራ ቀኙን ቃኘና በብረት መጋዝ ቆረጠው። ቁራጩ የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ዓይኑን ያሸሻል።

ቅዳሜ ብርነሽ ማሳው ላይ አስጠራችው። የአፈር ባለሙያዋን ራሄልንም ይዛ መጥታለች።

"ባንቴ፣ ይሄኛው መሬት ደክሟል። በጎረቤታችን በምዜ ንጆሮጌ ምንጭ በኩል አዲስ ቦይ ዛሬውኑ ጀምርልኝ።"

ራሄል ቴርሞሜትሯን ጎመኑ ሥር ሰካች፤ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ። ደንገሉ ሥር፣ ሃያ አንድ። የደንገሉን አፈር ስትጨምቀው ውሃ በክንዷ ወረደ፤ የማሳው እንደ አመድ ቦነነ።

"ይሄ መረሬ አይደለም" አለች። "ውሃ ጠብቆ ያኖረው የተክል ብስባሽ ነው። ውሃው ሲወጣ ይግላል፣ ይደርቃል፣ ያልቃል። መሬቱ ወርዶ ይሆን?"

ብርነሽ ሳቀች። "የባንቴ ቧንቧ ይኸው፣ ከመሬት እኩል! የሱ ሥራ ንቅንቅ አይልም።"

ሙገሳው ከስድብ ባሰበት። ከማዶ የማሳው ጎረቤት፣ ሽማግሌው ምዜ ንጆሮጌ፣ ከምንጩ ጀሪካን እየሞሉ በአገራቸው ቋንቋ "ፉንዲ!"፣ ባለሙያው፣ ብለው እጃቸውን አወዛወዙለት። አዲሱ ቦይ እዚያ ከደረሰ ያ ጀሪካን ባዶውን ይቀራል።

ባንታየሁ ሣጥኑን ከፍቶ የቧንቧውን ቁራጭ ለራሄል ሰጣት።

"ይሄን ቧንቧው ላይ ጨምሪበት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"መቼ?" አለች ብርነሽ።

"ባለፈው ወር።"

"አንተ ሰውዬ! ጎመኑን ያጠወለገው ዘሩ ነው ብዬ ነጋዴውን ስራገም ቁጭ ብለህ እየሰማኸኝ?"

ባንታየሁ ከማሳው ዳር ሳንቃ ተሸክሞ ቦዩ ውስጥ ወረደና ውሃው የሚወጣበትን አፍ መድፈን ጀመረ። ራሄል ቁራጩን ቧንቧው ላይ አቁማ ለካች።

"የተረፈውን ታድናለህ" አለችው፤ "ይሄ የወረደው ግን አይመለስም።"

ቀና አላለም። ብርነሽ ከላይ ሆና ጥቂት ካየችው በኋላ ሁለተኛውን ሳንቃ ገፋችለት።