በፍልሰታ የተሰማው ሰርግ

ከጫማዬ ስር ያመለጠችው ድንጋይ ስታርፍ አልሰማኋትም። ቆሜ ጠበቅኋት። ድንጋይ ቁልቁል ሲሄድ እየተጋጨ ድምፅ ይሰጣል፤ ይህቺ ግን ሄዳ ቀረች። የቆምኩት ገደል አፋፍ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጉሙ የራሴን እጅ እንኳ አያሳይም። ልጄ ትርንጎ ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ነበር።

«እማ፣ ምነው ቆምሽ?» አለችኝ።

«ባለሽበት ቁጭ በይ» አልኳት።

«ጭቃው ላይ?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ፤ ደክሞኛል።»

ገደል ነው ብላት ደንግጣ ትንቀሳቀሳለች ብዬ ፈራሁ። እኔም ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና ቁጭ አልኩ።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ፆም ነው። ቦታው ኮሶዬ ነው፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ የምታገኙት ደጋ። ዛሬም ጉም ካየሁ ከቤት አልወጣም። ለሰው ሳወራው ግን ሳቅ እየቀደመኝ መጨረስ አልችልም። ስለዚህ ጻፍኩላችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አንዳንዱን ትርንጎ አስተካክላልኛለች፤ የቀረውን እናንተ እንደሚሆን አድርጉት።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው።

እኔ ስልክ የምወደው ለወሬ ብቻ አይደለም። ማንበብ ስለሚከብደኝ ጋዜጣዬም መጽሐፌም ስልኬ ነው። መዝሙር እሰማበታለሁ፣ ልጆቼን እቀርጽበታለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ሰርግ ሳይቀር አይበታለሁ። የነበረኝ የቻይና ስልክ ነበር። ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ግን አረጀ፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ባትሪውም ጠዋት ሞልቼው ከሰዓት አይደርስልኝም።

ፒያሳ የሞባይል ሱቅ ያለው ጀማል የሚባል የጎረቤታችን ልጅ አለ። ቤተሰቡ ከአያቶቹ ጀምሮ ጎንደር ውስጥ በንግድ የኖረ ነው፤ ልጁም አፉ ማር ነው። እኔ፣ ትርንጎና የልጆቼ አባት ሆነን ሄድን። ጀማል ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ስልክ አወጣ። ከመስታወቱ በታች ፊደል የተጻፈባቸው ጥቃቅን ቁልፎች ተደርድረውበታል፤ ጣቴ አንዱን ሲነካ ሦስቱን ይጫናል።

«ይሄ የሥራ ሰው ስልክ ነው፣ እትዬ ጥሩ» አለኝ። «ሥራ አስኪያጆች ናቸው የሚይዙት። ባትሪው ኃይለኛ ነው፣ ኔትወርክ ከጉድጓድ ይስባል። ኢሜይል አለው፣ ሰነድ ይከፍታል፣ ቀጠሮ ያስታውሳል።»

«ሰርግ ያሳያል?» አልኩት።

«ያሳያል» አለኝ። ሲለኝ ግን ወደ መንገዱ እያየ ነበር።

የልጆቼ አባት አናጢ ነው፤ ዕቃ ሲያነሳ መጀመሪያ ክብደቱን ይመዝናል። ስልኩን በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገና «ይሄ ቁም ነገር ያለው ስልክ ነው» አለ። «ያ አሮጌው የአንቺ ግን አዝማሪ ነው።»

ትርንጎ ደግሞ «ለማን ነው ኢሜይል የምትልኪው እማ? ለአክስቴ ለውዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ውዴ ታላቅ እህቴ ናት። ኮሶዬ ነው የምትኖረው፤ ስልክ የሚባል ነገር የላትም።

እኔ ወዲያና ወዲህ ስል ጀማል «እንግዲህ ይውሰዱትና ይሰንብቱበት» አለኝ። «ካልተስማማዎት ይመልሱልኛል። ጎረቤት አይደለን?» ሲም ካርዴን አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ከተተልኝ። አሮጌው ላይ ያለውን የትልቋን ልጄን የእናትነሽን ሰርግም ገልብጦ ጫነበት።

ውዴ እግሯ ተሰብሮ ሰርጉን አልበላችም። በዚህ በጣም ታዝን ነበር። እኔም ትርንጎን ይዤ ሁለቱንም ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ኮሶዬ ወጣሁ። ሰርጉን ላሳያት ነው፤ ስልኩንም በዚያው ልፈትነው ነው።

«ፆም አይደል?» አለች ውዴ።

«ብናየው አይገድፍም» አልኳት።

አዲሱን ከፈትንላት። ስልኩ ሰፊ ሆኖ መስታወቱ ግን የክብሪት ቀፎ ያክላል። ሰዉ ሁሉ ጉንዳን መስሎ እላዩ ላይ ይተራመሳል፤ ሲሮጥ ሲሮጥ ይቆምና ደግሞ ይቀጥላል። ውዴ ዓይኗን አጥብባ አየች፣ አየችና «ሸጋ ነው፤ ልጅሽ የቷ ናት?» አለችኝ። ሙሽራዋ መሃል ላይ ቬሎ ለብሳ ተቀምጣ።

ከዚያ የተሰነጠቀውን ከፈትንላት። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጌው እንኳ እልልታው ቤቱን ሞላው። ውዴ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሟች እናታችንን የምትመስለውን የአጎታችንን ልጅ ስታይ ስልኩን ሳመችው። እኔም በልቤ «ጀማል ሆይ፣ ስልክህ ይመለስልሃል» አልኩ።

በማግስቱ የውዴ ቤተሰቦች ቅዳሴ ላይ ሳሉ እኛ ወደ አስፋልቱ ተነሳን። ዝናብ ሳይመጣ ጎንደር እንግባ ብዬ ነው የቸኮልኩት። መንገዱ ያደግሁበት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ እል ነበር። ጉሙ ከታች ከቆላው ተነስቶ መጣ። መጀመሪያ እግራችንን ሸፈነው፣ ከዚያ የገብሱን ማሳ፣ ከዚያ ሁሉንም። የበግ መንገዱን የሰው መንገድ ብዬ ይዤ ሄድኩ። የወሰደኝም ያቺ ድንጋይ ካመለጠችኝ አፋፍ ነው።

እንግዲህ ተቀምጠናል። አዲሱን ስልክ አወጣሁ። ያ ከጉድጓድ ይስባል የተባለው ኔትወርክ ጭራሽ የለም። ትርንጎ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ሞከረችው፣ የለም።

«ታዲያ ለምን አንነሳም?» አለችኝ።

«ከፊቴ መሬት የለም ልጄ፤ ከኋላም በየት እንደመጣን አይታየኝም» አልኳት። መናገር ግድ ሆነብኝ።

ነጠላዬን በሁለት እጇ ጨመደደችው።

ጮህን። «የሰው ያለህ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከላይ ከኮረብታው «ሆ፣ ሆሆ» የሚል ድምፅ መለሰልን። ደስ አለኝ። ደግሜ ጮህኩ። እሱም ደግሞ «ሆሆ» አለ። እየቆየ ነው የገባኝ። ዝንጀሮ ጠባቂ ነው። እዚያ አገር ክረምቱን ሙሉ ሰው ማሳው ላይ ቆሞ ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል፤ ጩኸት ለማንም ምንም አይደለም። እኛን ሌላ ማሳ የሚጠብቅ ባልንጀራ አድርጎን ነው የሚያግዘን።

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። የተቀመጥኩበት ሣር እየራሰ ያንሸራትታል። ትርንጎ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ይህቺን ልጅ ደህና ከተኛችበት ቀስቅሼ ያመጣኋት እኔ ነኝ እያልኩ በውስጤ እርር እላለሁ። እመቤቴን እለምናለሁ። እግሬን ወደ ራሴ ሰብስቤ ይዣለሁ።

ትርንጎ ቦርሳዬን ከፍታ የቻይናውን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሰርጉን ልከፍት። ዝም ሲል የበለጠ ያስፈራል።»

«በፍልሰታ? ከቤት ውጭ?»

«እማ፣ ያለንበትን እግዜር ያየዋል» አለችኝ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው።

ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ገደሉን ሞላው። ከወዲያ ማዶም ሌላ ሰርግ ያለ ይመስል ይመልሳል። እኔ አፈርኩ። እንዲያ ሆኜም አፈርኩ፤ ሰው ሰምቶ ምን ይለናል ብዬ።

ሰምቷል። ብዙም አልቆየም፤ ከበላያችን የሽማግሌ ድምፅ በቁጣ መጣ።

«ማን ነው በፍልሰታ የሚድረው?»

«እኛ ነን አያ» አለች ትርንጎ። «ገደሉ ላይ ነን።»

«ገደል ላይ ነው የምትድሩት?»

«ጠፍተን ነው። ጉም ይዞን ነው።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን። እኔና እማ።»

«ሰርገኛውስ?»

«በስልክ ነው አያ።»

የሴት ድምፅ «ተው፣ ሰይጣን ነው፤ ተመለስ» ሲል ተሰማኝ። ሚስቱ ናት። ከቅዳሴ እየተመለሱ ነበር።

«ሰይጣን እናቱን ይዞ አይዞርም» አላት። ከዚያ ወደ እኛ «ስሙ፤ ንቅንቅ እንዳትሉ። እኔ እመጣለሁ» አለን። እኔ ደግሞ አሁንስ ነውር ነው ብዬ ትርንጎን ዘፈኑን አስጠፋኋት።

«ምነው አጠፋችሁት?»

«ፆም ነው ብለን ነው አያ» አልኩ በተዘጋ ጉሮሮዬ።

«ክፈቱት። ስትጣሩ ገደሉ ይመልሰዋል፤ ወዲህ ይሁን ወዲያ አይለይም። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይዘፈንልኝ፣ እሱን ይዤ እወርዳለሁ።»

ሊገስጽ የመጣ ሰው ዝፈኑልኝ አለ። ትርንጎ በዚያ ፍርሃት መሃል ሳቅ አፈናት፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በጀርባዬ ይሰማኛል። ከፈተችው። ሽማግሌው የሚደገፍበት በትር ኳኳታ እየቀረበ መጣ። ዘፈኑ ከፍ ሲልለት «እህ፣ እህ» ይላል።

እኔ የሙሽራዋ እናት ሆኜ የምጨፍርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጥፍት አለ። ባትሪው አለቀ።

የበትሩ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ወደ ግራ ሄደ። በግራ በኩል ምን እንዳለ አላውቅም። ሰውየው በእኛ ምክንያት ገደል ሊገባ ነው አልኩ በልቤ። «አያ፣ ይቁሙ» ልል ስሞክር ድምፄ አልወጣም።

ትርንጎ አዲሱን ስልክ ቀማችኝና ያንኑ ሰርግ ከፈተችበት። ጉንዳኖቹ መሯሯጥ ጀመሩ። ድምፁ የትንኝ ነው። ግን ከማነሱ የተነሳ ገደሉ አልመለሰውም፤ ካለንበት ቦታ ብቻ ነው የሚሰማው።

«አሃ» አለ ሽማግሌው፤ «እዚህ ናችሁ እንዴ?»

በትሩ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ የትርንጎን ትከሻ ነካ። ከዚያ እጁ መጣ፣ ከዚያ በጋቢ የተጠቀለለ ፊቱ። አያ ፈረደ ይባላሉ። ጎንበስ ብለው የእኔን እግር አዩ፣ ከእግሬ በታች ያለውን አዩ፣ ቶሎ ቀና አሉ። ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም።

«አንቺ ልጅ በትሩን ያዢ። እናትሽ አንቺን ትያዝ። ወደ ኋላ የሚያይ የለም» አሉን።

በአራት እግራችን ወጣን። ሣሩ እጄ ላይ ይነቀላል፤ ስልኩ በትርንጎ ኪስ ውስጥ ገና ይዘፍናል። ባትሪው ኃይለኛ ነው ያለው ጀማል እዚህ ላይ አልዋሸም። ሜዳው ላይ ስንደርስ የአያ ፈረደ ሚስት መስቀላቸውን ከአንገታቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እላይ እታች አዩን። ሰው መሆናችንን ካመኑ በኋላ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ሙሽሪትስ?» አሉኝ። ባልየው እየሳቁ ቁጭ አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ሴትየዋ በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙኝ።

እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡን፤ የሽሮ ወጥ አዘዙልን። ልብሳችን ይጤሳል። ያኔ አዲሱ ስልክ ጮኸ። የልጆቼ አባት ነው።

«ስደውል ዋልኩ። የት ናችሁ?»

«ኮሶዬ፣ አስፋልቱ ዳር።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ጮኼ ነው። ስመጣ እነግርሃለሁ።»

«ስልኩ ግን ሸጋ አይደለም? አጠገቤ የተቀመጥሽ ነው የሚመስለው።»

«ለወሬ ሸጋ ነው። ከፈለግኸው አንተው ያዘው» አልኩት። «ለእኔ ጀማል መስታወቱ ሰፋ ያለ፣ ድምፁ የጎላ ይፈልግልኝ። ሙሽራዋን ከሚዜዋ የማይለይ ስልክ እኔ አልይዝም።»

«አሁን ይሄን ልትነግሪኝ ነው እንደዚህ የምታለቅሺው?»

ትርንጎን አየኋት። እግሯን ወደ እሳቱ ዘርግታ ለአያ ፈረደ ሰርጉን ታሳያለች። እሳቸውም መስታወቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «የቷ ናት?» ይሏታል።

«አይደለም» አልኩት። «ከገደል ወጥተን አስፋልት ደርሰናል። ልጅህም እኔም ደህና ነን።»