ለጣና የተፈለገ ታቦት

ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ እንደ ገባ ባለቤቴ፣ «ዘንድሮስ ወጣ ብለን አገር ማየት አለብን» አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ እሱም እኔም ከወገዳ ገበያ ርቀን ብንሄድ ንፋስ መውጫ ነው፤ ያውም ለለቅሶ። ደስታዬን ልደብቅ ብል አልቻልሁም።

ጭቅጭቁ የመጣው የት እንሂድ ላይ ነው። እሱ ላሊበላ አለ፣ እኔ ጣና አልሁ። ላሊበላን ጠልቼ አይደለም፤ ሳልሞት ባየው እወዳለሁ። ነገር ግን ስማዳ ተወልጄ ውኃ ስል የማውቀው ከገደል ሥር በእንስራ ተሸክሜ የማወጣውን ነው። ማዶው የማይታይ ውኃ አለ ሲሉኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤ እዚያ ቀርቷል። የምንሄደው ደግሞ አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆቹንና ከብቱን የሚጠብቁልን እናቱ ሁለተኛ እሺ እንደማይሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

በጃንሆይ ጊዜ በእኛ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ የሚሄደው ለስለት፣ ለሙግት ወይም ለሠርግ ነበር። ውኃ ለማየት ሄደች ቢባል ስማዳ ሁሉ ይስቅብኛል። ስለዚህ ለመሄጃ ምክንያት እንዲሆነኝ ለጣና ታቦት ፈለግሁለት። ከመንገደኛ ጠያይቄ ውኃው መካከል ያለውን፣ በታንኳ ብቻ የሚደረስበትን ገዳም መረጥሁ። በጣም ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ አልተረታም፤ ነገሩ የንስሐ አባታችን ዘንድ ቀረበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጥተው፣ ጠላቸውን ይዘው ሁለታችንንም አዳመጡ። የገዳሙን ስም ስጠራ ግን ዋንጫውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚያ ደሴት እኮ ሴት አትገባም። የነገረሽ ሰው የለም?»

ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቀ። ካሉት ገዳማት ሁሉ ለይቼ የማልገባበትን መምረጤ ነው። ማፈሬ ሳይሆን ጣና ከእጄ መውጣቱ አንገበገበኝ፤ እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ መሸፋፈኑን ተውሁት።

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። መግባቱ ቢቀርም ግድ የለኝም። እኔ ውኃውን ነው ማየት የፈለግሁት።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ «ውኃውንስ ቢሆን ማን ፈጠረው?» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ላሊበላ የትም አይሄድም። ይዘሃት ሂድ፤ ገዳሙን አንተ ተሳልመህ ትመለሳለህ» አሉት።

በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀን፣ በእስቴ አድርገን፣ ደብረ ታቦርን አልፈን ወረድን። እናቱ የቆላ ንዳድ እንዳይነካን ብለው ነጭ ሽንኩርት ቋጥረውልን ነበርና እሱን እያኘክን ነው የሄድነው፤ ጠረናችንን ችሎ አብሮን የሚጓዝ ሰው አልተገኘም።

ዳርቻው ላይ ስንደርስ ውኃው እንደ ተባለው ማዶ አልነበረውም። ተቀመጥሁ። አሳምሬ ልናገረው አልችልም፤ ደስ አለኝ፣ በቃ። ወደ ደሴቱ የሚሻገሩት ወንዶች ሲሳፈሩ ባለታንኳው ባለቤቴን ጠራው። እሱ ግን አጠገቤ ጋቢውን አንጥፎ ተቀምጦ ነበር።

«ሂድ እንጂ፣ ሳይመሽብህ» አልሁት።

«እነሱ ይሂዱ» አለኝ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል። «እኔ ገና አይቼ አልጠገብሁም።»