ሚክሰሩ የማን ነው

ጎረቤቴ የሥራ ተቋራጭ ነበር። ካዛንቺስ አጥር ለአጥር ስንኖር፣ ሥራ በማይኖረው ጊዜ ኮንክሪት ማቡኪያ ሚክሰሩን ሸራ አልብሶ ግቢው ውስጥ ያቆመው ነበር። በግንበኝነት ጀምሮ ካፖ ሆነ፤ ብዙ ዓመት ሌሎች ሠራተኞችን እየመራ ከቆየ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ ራሱን ቻለ። ከዚያ ማሽን ሌላ ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም።

ሚክሰሩ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። ትንንሽ ተቋራጮች ፈቃድ ሲያወጡም ሆነ ሲያሳድሱ ማሽን እንዳላቸው ማሳየት አለባቸው፤ አብዛኞቹ የላቸውም። ስለዚህ ፍተሻ የደረሰበት ካለው ይዋሳል። ለይስሙላ የሽያጭ ውል ይጻፋል፤ ማሽኑ ተጎትቶ የተዋሹ በር ላይ ይቆማል፤ ፈታሹ አይቶ ይሄዳል። ከዚያ ማሽኑ ይመለሳል፣ ውሉም ይቀደዳል። ፈታሾቹም ያውቁታል። አንዱ ያንኑ ሚክሰር ኦሎምፒያ አካባቢ ሌላ ተቋራጭ በር ላይ ሲያገኘው «አንቺ ደግሞ ስንት ባል አለሽ?» እንዳለው ጎረቤቴ እየሳቀ አጫውቶኛል። ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ኪራይም አይጠይቅም።

ከተዋሱት አንዱ በእሱ ሥር ግንበኝነት ተምሮ በኋላ የራሱን ፈቃድ ያወጣ ጎልማሳ ነበር።

ከዚያ መመሪያው ተለወጠ። እያንዳንዱ ማሽን በሞተር ቁጥሩ ይመዘገባል፤ በአንድ ፈቃድ ሥር ብቻ ይያዛል። በሥራዬ ምክንያት ቀድሜ አንብቤው ስለነበር ነገርኩት። ስንቱን መመሪያ ቀብረናል፣ ይኼም ያልፋል አለኝ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ይፈርስ ስለነበር ሐሳቡ ሁሉ ዕቃ ማውጣት ላይ ነበር። የቀድሞ ሠራተኛው ግቢዬ ሰፊ ነው፣ እኔ ጋ ይቁም ሲለው ሚክሰሩን መርቆ ላከለት።

ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። የአንድ ትምህርት ቤት ማስፋፊያ ጨረታ አሸንፎ ነበር። ፈቃዱ በዚያ ሳምንት ካልታደሰ ውሉን መፈረም አይችልም፤ ሥራው ሁለተኛ ለወጣው ያልፋል። ሁለተኛ የወጣው ያው የቀድሞ ሠራተኛው ነው። ጎረቤቴ ይህን የሚያወራው በኩራት ነበር፤ ያሰለጠንኩት ሰው ነው እግር በእግር የተከተለኝ እያለ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ የሞተር ቁጥሩን አስገባችና ማሽኑ በሌላ ድርጅት ስም መመዝገቡን ነገረችው። ስለ መዋዋሱ ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳቱ የሐሰት ውል ፈርሜአለሁ ብሎ ማመን እንደሆነ የገባው ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

«የእርስዎ ከሆነ ይጥሩትና ይምጣ፣ አባቴ» አለችው።

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ተረኛውን ጠራች።

በማግስቱ ኡራኤል ጋ አንድ ካፌ ውስጥ ማሽኑን በስሙ ያስመዘገበውን የቀድሞ ሠራተኛውን አገኘነው። በሰዓቱ መጣ፤ ማኪያቶ አዘዘልን። ጎረቤቴ የጠየቀው ማሽኑን የሚመልስለት አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ብቻ ነው። ሰውየው ሳይቆጣ አዳመጠ። መመሪያው ሲወጣ ሁሉም በእጁ ያለውን እንዳስመዘገበ፣ ማሽኑን ከለቀቀ የራሱም ፈቃድ እንደሚወድቅ በዝግታ አስረዳ። ውሉን አልቀደደውም ነበር፤ ኮፒውን ጠረጴዛው ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ ፊርማው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል እንድጨምርለት ነበር የፈለገው። ውሉን አነበብኩት፤ ጉድለት አልነበረውም። በወረቀቱ መሠረት ማሽኑ የሰውየው መሆኑን ነገርኩት። ሰውየው አመሰገነኝ፤ የሦስታችንንም ከፍሎ ወጣ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሥራውም አለፈ። ጎረቤቴ ከተማው ዳር በተሰጠው ቤት ቁጭ ብሎ ሰነበተ። ከዚያ ሰውየው ደወለለት። ሚክሰሩ አልነሳ ብሎ አስቸግሯል፤ ጠባዩን የሚያውቅለት አልተገኘም። ካፖ ሆነው ቢመጡልኝ አለው። እኔ አትሂድ አላልኩትም፤ ሌላ የሚሄድበት እንደሌለ አውቃለሁ።

የትምህርት ቤቱ ግንባታ ሳይት ላይ ሄጄ አየሁት። ሚክሰሩ የድርጅቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙም ተጽፎበት ነበር። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ፣ በዕድሜ የጎረቤቴ ልጅ ሊሆን የሚችል፣ መሣሪያ እየቆጠረ መጣና ሞተሩ ላይ ያጎነበሰውን ጎረቤቴን ትከሻውን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገው።

«አንተ፣ ይኼ የማን ነው? የኪራይ ነው?»

ጎረቤቴ ቀና አለ። አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ከእኔ አነሳ።

«የድርጅቱ የራሱ ነው» አለ።

መሐንዲሱ ጻፈና አለፈ። አሸዋው አልቆ ስለነበር ጎረቤቴ አሸዋ እንዲያመጡ ወደ ሠራተኞቹ ጮኸ።