ሊመጣ የሚችል ሰው

ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም፣ እጠላዋለሁም አልልም። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ የምወደውንና የምጠላውን መለየት ትቻለሁ። ይነጋል፣ ጠመኔ አነሳለሁ፣ ይመሻል። በቃ።

በዚያ ዓርብ የደረሰን ትምህርት፣ አንድን ሰው ሊያደርግ በሚችለው ነገር መግለጽ ነበር። እንግሊዝኛ መጀመሪያ ሰውየውን ይጠራና «ሁ» ይላል፤ ከዚያ «ማይት» ወይም «ኩድ» አስከትሎ የሚሆነውንም የማይሆነውንም ከኋላው ይቀጥልለታል። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። «ነገ ሊመጣ የሚችል» እንልና ሰውየውን መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። ይህን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ምሳሌ አምጡ አልኋቸው። ግማሾቹ አስጎብኚ መሆን ስለሚያምራቸው ምሳሌው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ሊመጣ የሚችል ቱሪስት፣ ሊከፈት የሚችል መንገድ፣ ሊቀጥረን የሚችል ሆቴል። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ የመጣ ነገር የሚባል የላችሁም?» ብዬ ቀለድሁ። ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሰውየው ራሱ መኖሩ ባይታወቅስ? ያኔም እንዲህ ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል» አልኋት። «ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም።» ወዲያው ደወል ተደወለና ወጣን።

ጦርነቱ ወደ እኛ የደረሰ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ በኩልመስክ መንገድ እንደወጣ ቀርቷል። አንዱ ታስሮ አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው ቆስሎ ነበር ይላል፣ ሌላው ደግሞ እሱን የሚመስል ሰው ወልድያ ላይ አገኘሁ ይላል። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፤ አለ ብሎ የሚምልም የለም። እናቴ ከአሸተን ማርያም ሥር ባለው ቤታችን ብቻዋን ነው የምትኖረው። እስከዚያ ድረስ ለአንዲት ቀን እንኳ አላለቀሰችም ነበር። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ትል ነበር። እኔስ ደንዝዤ ነው፣ ይኸው እበላለሁ እጠጣለሁ። እሷ ግን እህል አልወርድ ብሏት ዓይኔ እያየ ትመነምን ነበር። በዚሁ ከቀጠለች እሷንም እንደማጣት አውቄው ነበር፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እሷ ወጣሁ። ገብሱ ደርሶ ነበር፤ ቅዳሜ ላጭድላት ነው። ገብስ ጤዛው ሳይለቅ ካላጨዱት ዛላው ይረግፋል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ።

በእኛ አገር መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ጎረቤትና ዘመድ የንስሐ አባትን አስቀድሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ገና ሳይነጋጋ ደጅ መጥቶ ይቆማል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ይገባዋል፤ ማንም አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

በሩን የከፈተችው እናቴ ነበረች። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ጎረቤቶቻችን ከኋላ፣ ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ቆመዋል። አንድ ጊዜ አየቻቸው። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧን አሰረችና «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ደረቷን እየደቃች ደጃፉ ላይ ወደቀች።

እኔም መርዶ መስሎኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው «እንግዲህ ሞተ ማለት ነው» አልሁ በልቤ። ከዚያ ከአንዱ ጋቢ ሥር የማጭድ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ። ሌላውም ማጭድ ይዟል። ለካ ሰዎቹ፣ አባም ጭምር፣ ማንም ሳይጠራቸው ገብሷን ሊያጭዱላት ነው የመጡት! ያከናነባቸው ብርዱ ነው፤ ዝም ያሰኛቸው እንቅልፍ።

«ውይ ጉዳችን፣ ምን አደረግናት!» አለ ከኋላ አንዱ።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እማ፣ እማ ስሚኝ፣ ለአጨዳ ነው የመጡት። መርዶ አይደለም።»

ቀና አለች። ፊቷ አፈር ለብሷል። «ታዲያ አለ?» አለችኝ።

አፈሩን ከፊቷ በእጄ ጠረግሁላት። ወደ ንስሐ አባታችን ዞረች። «አባ፣ ይንገሩኝ፣ ልጄ አለ?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል እንጂ» አሉ።

ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። አለ ብሎ የሚደፍር አንድ ሰው ጠፋ። «እንግዲያው ተዉኝ፣ ላልቅስ» አለች። «ደከመኝ። ስጠብቅ ደከመኝ።» ማንም አልከለከላትም። ጩኸቷን የሰሙ እህቶቿ ከታችኛው ሰፈር መጥተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ወንዶቹም ማጭዳቸውን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው ለቅሶ ተቀመጡ። ፀሐይ ስትወጣ ጥቂቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ማሳው ወረዱ፤ ገብሱ መርገፉ አይቀርማ።

ፍትሐት አልተደረገም። የንስሐ አባታችን እርግጡ ሳይታወቅ አይሆንም አሉ፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ጥቁሯን ለበሰች፣ የወንድሜን ልብሶች ለሚለብሳቸው ሰጠች፣ ቀስ በቀስ እህል መቅመስ ጀመረች። ዛሬ ደኅና ናት፣ አንዳንዴ ትስቃለች ሳይቀር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁባት። እንዴት ታርፋለች? የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ትምህርቱን አቋርጬ ከክፍል የምወጣው አሁንም እኔ ነኝ። እሷ ዘንድ ተቀምጬ ስልኬ ሲጮህ ዘልዬ እነሣለሁ፤ እሷ ቀና ብላም አታይ።

ባለፈው እንዲሁ ዘልዬ ተነሥቼ፣ የተሳሳተ ጥሪ ሆኖ ተመልሼ ስቀመጥ አየችኝ።

«አንተስ መቼ ነው የምታለቅስለት?» አለችኝ።

«እርግጡን ሳውቅ» አልኋት።

«እኔስ ምን አውቄ አለቀስሁ?» አለች።