ለሙንዚር ሥራ የተጠጣው ቡና

የአክስቴ ልጅ ሙንዚር ከሥራ መባረሩን በሰልጥ ከተማ ያልሰማ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ማንም ያወቀበት አይመስለውም። ጠዋት ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ዳቦ ሊገዛ ደረጃውን ይወርዳል። ዳቦ ጋጋሪው "ዛሬም ፈቃድ ላይ ነህ?" ይለዋል። ነገረኛ ሰው ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የሚዘልቅ ፈቃድ እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። ሙንዚር "ዛሬም" ብሎ ዳቦውን ታቅፎ ይመለሳል።

ይሠራ የነበረው ዋና ከተማው አማን ውስጥ፣ አንድ የመድን ድርጅት ነበር። መኪናው ተጋጭቶ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነኝና ቢሮው ድረስ ሄጄ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሰዉ እየጮኸ ይገባል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሙንዚር ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፣ ውሃ ይቀዳለታል፤ ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ "አይከፈልዎትም" ይለዋል። ሰውየው አመስግኖ ይወጣል! እኔ ብሆን ሁለታችንም ፖሊስ ጣቢያ ነበርን። ይህ ተሰጥኦው አንድ ቀን ጠላቱ እንደሚሆን ግን ማናችንም አልጠረጠርንም።

ድርጅቱ ለሌላ ትልቅ ኩባንያ ተሸጠና ግማሹ ሠራተኛ ተቀነሰ። ሙንዚርንም አንዲት የማያውቃት ወጣት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ጠርታ አሰናበተችው።

"ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ሳጥን ነበር" አለኝ ያን ቀን። "ገና ሳየው ገባኝ። ለምሥራች ሶፍት የሚያዘጋጅ ሰው የለም።"

ከዚያ ሥራ ፍለጋው ተጀመረ። ያልላከበት መሥሪያ ቤት የለም። አንዱ ጋ "ልምድህ በዛ" ይሉታል፣ ሌላው ጋ "ዕድሜህ ሄደ"። ገና አርባ እንኳ አልሞላውም! አንድ ቀን አንድ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ እኔው አደረስኩት። በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው ወዲያው ተመልሶ ወጣ። የጠራችው ሴትዮ ራሷ በዚያው ጠዋት ተባርራ ኖሯል። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ሊፍቱ ውስጥ አገኛት፤ "ይቅርታ፣ እኔ ነበርኩ የቀጠርኩህ" አለችው። እየሳቀ ነገረኝ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር።

ሪያድ ያለ ዘመድ የመጋዘን ሥራ አለ ብሎት ነበር። እዚያ ከሄደ ሚስቱ ሩባ ሁለቱን ሴቶች ልጆች ይዛ ወደ ወላጆቿ ልትመለስ ነው፤ እሱም ልጆቹን በዓመት አንድ ጊዜ ሊያይ። ሙንዚር ደግሞ ለትንሿ ልጁ ፀጉር የሚጎነጉን አባት ነው። "ከዚህ ሁሉ ሌላ ምንም ይሁን" ይለኝ ነበር። "የትም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ብቻ ማታ ቤቴ የምገባበት ሥራ ይሁን።" ይህን ያለውን አልረሳም፤ አላህ ሰምቶት ነው መሰለኝ ቃል በቃል የሰጠው።

ሽማግሌ ይላክ የሚለውን ያመጣው አባቱ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለደም ዕርቅ ይላካል። ለሥራ ተልኮ ግን እኔ አላየሁም።

"ያባ፣ ውርደት ነው" አለ ሙንዚር አባቱን።

"ውርደትስ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ድንች መላጥ ነው" አሉ አባቱ። "አቡ ሀይሰም ይናገራል። አቡ ሀይሰም ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቤት የለም።"

እውነታቸውን ነው። አቡ ሀይሰም ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ሲናገሩ ዛሬም ድረስ ቀጥ ብለን እንቆማለን። አንድ ልጃቸው ሀይሰም፣ መድኃኒት የሚያስመጣ አንድ ኩባንያ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። የዚያ ኩባንያ ባለቤት ረምዚ፣ በክብር ስሙ ረምዚ በይ፣ ዘንድ እንሂድ ያለንም ራሱ ሀይሰም ነው።

"እኛም ጋ ሰው ይቀነሳል የሚል ወሬ አለ" አለ። "ግን ለሙንዚር አንድ ወንበር አይጠፋም። ሰውየው ሽማግሌ ያከብራል።"

አርብ ዕለት ከአሥር ሰዓት በኋላ ሙንዚርንና ዘጠኝ ሽማግሌ ሚኒባሴ ላይ ጭኜ አማን ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉም ካባ ለብሰዋል፣ ሁሉም ሽቶ ተርከፍክፈዋል፤ መስኮት ካልከፈትኩ የምሞት መስሎኝ ነበር። የረምዚ በይ ቤት በሩ በራሱ የሚከፈት ዓይነት ነው። ረምዚ በይ እኛን ሲያይ አልደነገጠም። ይኼ ነው መጀመሪያ ያልጣመኝ። ዘጠኝ ካባ የለበሰ ሰው በር ላይ አይቶ የማይደነግጥ ሰው፣ ወይ ቀድሞ ሰምቷል ወይ የፈለገው መጥቶለታል።

መራራው ቡና ተቀዳ። አቡ ሀይሰም ስኒውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኛም ሁላችን አስቀመጥን። እንግዳ ቡናውን ካስቀመጠ ጉዳይ አለው ማለት ነው፤ ባለቤቱ "ጠጡ" ካለ ደግሞ የመጡበት ተፈጸመላቸው ማለት ነው። ወላ ፊርማ፣ ወላ ማኅተም አያስፈልገውም።

አቡ ሀይሰም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። የሙንዚርን አያት አነሡ፣ የረምዚ በይን አያት አነሡ፣ ሁለቱ አያቶች በአንድ ዘመን ከአንድ ወንዝ እንደጠጡ ተናገሩ። ገና ወደ ጉዳዩ ሳይደርሱ ረምዚ በይ እጁን ከፍ አደረገ።

"ጠጡ፣ አቡ ሀይሰም። ልጃችሁ ከእሁድ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቡ ሀይሰም ንግግራቸው በመቆረጡ ቅር ያላቸው ይመስላሉ፤ የተሻለው ክፍል ገና ነበር። ግን ጠጡ። ሁላችንም ጠጣን። የመጣንበት ተሳካ፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። እንዲህ ቶሎ የሚሰጥ ባለጠጋ አላየሁም፤ ጉርሻ እንኳ ሲሰጡኝ አንድ ጊዜ ያስባሉ።

ረምዚ በይ ወደ አቡ ሀይሰም ዘንበል ብሎ "ሒሳብ ክፍል ያለው ሀይሰም የእርስዎ ልጅ ነው አይደል?" አለ።

"ልጅዎ ነው፣ አገልጋይዎ ነው" አሉ አቡ ሀይሰም በትሕትና።

"ጎበዝ ልጅ ነው" አለ፤ ይህን ሲል የሚያየው ግን ሙንዚርን ነበር። "አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ። የመኪናዬን ካሳ የከለከልከኝ አንተ ነህ። አመስግኜህ ነበር የወጣሁት።"

ሁሉም ሳቀ። ኩናፋ የሚባለው ጣፋጭ መጣ፣ በላን። ሙንዚር ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያን ማታ ሩባ ዕልል ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙንዚር ምንም አልሠራም። ሥራው ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። "ተለማመድ" እያሉ ቡና ያመጡለታል። አንድ ፎቅ ሙሉ ባዶ ወንበር እንዳለ፣ አበቦቹ ውሃ የሚያጠጣቸው አጥተው እንደጠወለጉ ነገረኝ። ሠራተኞቹ እሱን ሲያዩ ወሬ ያቆማሉ። አብሮት ምሳ የሚበላው ሀይሰም ብቻ ነበር። ሀይሰም የሚወለደው ልጅ ወንድ ከሆነ በአባቱ ስም እንደሚጠራው እያወራ፣ ከራሱ ምሳ ላይ ቆርሶ ያካፍለዋል።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ መውጫ ላይ ቢሮውን አሳዩት።

ይህን የነገረኝ በማግስቱ፣ አርብ ከሰላት በኋላ ለምሳ ሥጋ ገዝተን ስንመለስ ነው። መኪናውን አቁም አለኝ፤ ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ክፍሏ ጠባብ ናት" አለ። "ሁለት ወንበር አለ።"

"እሺ።"

"ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ሳጥን አለ፣ ዐውኒ" አለ ስሜን ጠርቶ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"ሰው እንድታሰናብት ነው የቀጠረህ?"

"ከእሁድ ጀምሮ። አርባ ሰው።"

ከሥራው ውጣ አልኩት። ዛሬውኑ ደውልና አልፈልግም በለው አልኩት። ቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፤ ረምዚ በይን አንቱ የምለው ፊት ለፊቱ ብቻ ነውና በሌለበት የሚገባውን ሁሉ አልኩት። ሙንዚር እነዚያን የሚጮኹ ባለመኪናዎች እንደሚያዳምጥ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ስጨርስ "መጀመሪያ የምጠራው ሀይሰምን ነው" አለ።

መስኮቱን አወረድኩት።

ሙንዚር ረምዚ በይን "ለምን እሱን? ለምን በኔ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። ሰውየው አልተደበቀም። "ባለፈው ጊዜ ሰው ስቀንስ በማግስቱ ደጄ ላይ ካባ ለባሹ ተሰለፈ፤ አንድ ወር ሙሉ ቡናዬ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ" አለው። "ከሁሉም የምፈራው አቡ ሀይሰምን ነበር። አሁን ግን እቤቴ መጥቶ ጠይቋል፣ ተሰጥቶታል፣ ጠጥቷል። ሁለተኛ ስኒ ሊያስቀምጥብኝ አይችልም፤ ያፍራል። የልጁን መባረር ካንተ አፍ ሲሰማ ደግሞ ማንን ይከሳል? ራሱ ያመጣው ሰው ነህ።"

"አንተስ ምን አልከው?" አልኩት።

"ከሁለት አንዱን ምረጥ አለኝ። ወይ ከጠረጴዛው በዚህ ወገን፣ ወይ በዚያ ወገን።" ቀጥሎ ሥጋውን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ወለሉ ላይ አኖረው። "ሩባ ለሪያድ የታሰረውን ሻንጣ ፈትታ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳዋለች። ምን ብዬ ልንገራት?"

ሞተሩን አስነሥቼ ወደ እነሙንዚር ቤት ነዳሁ።

ምሳው በሥጋ የሚሠራው የሩዝ ምግብ፣ መቅሉባ ነበር። የሙንዚር አባት ደስታ ስላላስቀመጣቸው ለሁሉም ምግብ በእጃቸው ያነሣሉ። ሙንዚር ሩዙን ወዲህ ወዲያ ያደርጋል እንጂ አይበላም። ሳህኑ ሳይነሣ በር ተንኳኳ፤ ድምፁን ሳልሰማ ማን እንደሆነ አወቅኩ።

"የሥራ ሰው የት አለ!" እያሉ አቡ ሀይሰም ገቡ። አንድ ኪሎ በቅላዋ ጣፋጭ ይዘዋል። ሙንዚርን ግንባሩን ሳሙት። "አየህ? ንግግሬን ሳልጨርስ ነው የሰጠኝ። ብጨርስማ ኩባንያውን ያስረክበን ነበር!"

አባትየው ሳቁ። ቡና ቀድተው ሰጧቸው። አቡ ሀይሰም ስኒውን ተቀበሉ፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።



"ምነው አቡ ሀይሰም!" አሉ አባትየው። "በኛ መካከል ይኼ አለ?"

"ጉዳዬ ካንተ አይደለም፤ ከልጅህ ነው።" ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም፤ እኚያ ርዕሰ መምህር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሀይሰም ሌሊት አይተኛም። ይቀንሳሉ እያሉ ያስፈራሩታል። ሚስቱ ዛሬ ነገ ነች። እኔ እንደሆነ ወደዚያ ቤት ሁለተኛ መሄድ አልችልም፤ አንዴ ጠጥቻለሁ። አንተ ግን አሁን ከሰውየው አጠገብ ነህ፣ ልጄ። ልጄን ዐይንህ ይየው። ሌላ ምንም አልለምንህም።"

ሙንዚር አባቱን አየ፣ በሩ ላይ ትንሿን ልጁን ይዛ የቆመችውን ሩባን አየ፣ እኔን አየ። "ጠጡ" እንዳትል አልኩት በዐይኔ። እውነቱን ንገራቸው፣ ወይ ዝም በል፣ ቡናው ይቀዝቅዝ። አፌን ከፍቼ እኔው ልናገርለት ፈልጌ ነበር፤ አባትየው ቀደሙኝ።

አባትየው ተቆጡ። "ምን ይጎልትሃል? ሽማግሌ ስኒ አስቀምጦልህ! ጠጡ በላቸው እንጂ!"

ሙንዚር ውሃ ቀዳ፤ ለአቡ ሀይሰም አቀረበላቸው። ከዚያ በዚያ ሰው አመስግኖት በሚወጣው ድምፁ "ይጠጡ፣ አቡ ሀይሰም" አለ።

አቡ ሀይሰም ዐይናቸው እንባ ሞላ። ስኒውን አንሥተው በአንድ ትንፋሽ ጠጡት፤ በቃኝ ለማለት ነቅነቅ አድርገው መለሱ። ጠላሁት በዚያች ሰዓት። አብሬው ያደግሁትን ሰው ጠላሁት፤ ደግሞም ተነሥቼ ላቅፈው ፈለግሁ።

አዛውንቱ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት።

"ሀይሰም፣ በል ዛሬ ተኛ። ሙንዚር ቃሉን ሰጥቶኛል፤ ጠጥቻለሁ።"

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያም የሀይሰም ሳቅ።

"አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ያባ። እሁድ ጠዋት ቢሮው ድረስ ቡና ይዤለት እሄዳለሁ፣ በለው።"