መምህር ደምሴ የሰጠው ፈረስ

ውሸት ነው አልኩ። የደወለችልኝ የመምህር ደምሴ እህት ልጅ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። «ጋሼ ዐረፉ» ስትለኝ «ተኝቶ ይሆናል፣ ደህና አድርገሽ እይው» አልኳት። ሐሙስ ዕለት እኮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አብረን ስንስቅ ነበር።

ደብረ ታቦር የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሂሳብ አስተማሪው መምህር ደምሴ ነው። ለእኔ ግን የቼዝ ባላጋራዬ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአርሲ ተመድቦ መጣ፤ እዚሁ ቀረ።

የቀበሌያችን አዳራሽ አንድ የቼዝ ሰሌዳ ነበረው፤ ፈረሶቹ ግን ጠፍተው ነበር። አናጢ ስለሆንኩ ቅረጽልን ተባልኩና ከወይራ ቀረጽኳቸው። መምህር ደምሴ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና፣

«ይሄ ፈረስ ነው በቅሎ?» አለኝ።

«እንጨቱ ከጉና ተራራ የወረደ ነው፤ ያን ዳገት የሚያወጣው በቅሎ ነው» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

አንድ ጊዜ አውራጃውን ወክሎ ጎንደር የሚሄደው ሰው በውድድር እንዲመረጥ ተባለ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔና እሱ ነን። አዳራሹ ሞልቷል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ከራሳችን ላይ ቆሟል። መምህር ደምሴ ያንን የወይራ ፈረስ አንስቶ ንጉሤን ከሚጠብቁት ወታደሮች አንዱን በላበትና እዚያው አስቀመጠው። እኔም ፈረሱን በንጉሤ በላሁት።

«ጓድ መምህር፣ ፈረሱን በነፃ ሰጠኸው እኮ» አለ ሊቀመንበሩ።

«በነፃ የሚሰጥ ነገር መቼ አየህና ጓድ ሊቀመንበር» አለው። ሰው ሳቀ።

ቀጥሎ ንግሥቱ መጣች። ቼክ። ንጉሤ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወደ ጥግ መመለስ ወይም ወደ ሰሌዳው መሃል መውጣት። ጨዋታውን ያስተማሩኝ አጎቴ በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ንጉሥ ከአጃቢዎቹ ቀድሞ ሜዳ ሲወጣ እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። እኔም ብዙ ሳላስብ ወደ ጥግ መለስኩት። እዚያው ተይዞ ቀረ።

ሲያልቅ «መጨረሻው ታይቶህ ነበር?» አልኩት።

«አልታየኝም። ቢታየኝማ ሂሳብ ነበር» አለኝ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደገማት።

ዘንድሮ አልጋ ሲይዝ ያ ጨዋታ ተመልሶ መጣበት። «ቼዝ የሚጫወተውን ማሽን ጠይቅልኝ፤ ልክ ነበርኩ ወይ?» ይለኝ ጀመር። እያንዳንዱን እርምጃ ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ልጄ ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ ስልኳ ላይ ደረደረችው።

ማሽኑ መጀመሪያ ያየው እንደ እኔ ነው፤ እንጨት ቆጠረ። ወታደር አንድ፣ ፈረስ ሦስት፣ ግንብ አምስት፣ ንግሥት ዘጠኝ። ፈረስ ሰጥቶ ወታደር ወሰደ፤ ተጎዳ፣ አለ።

«አባባ ይታገሱ፤ ገና እየጠለቀ ነው» አለችኝና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ቢሄድ ያኛው ምን ይመልሳል፣ ለዚያስ ይህኛው ምን ይላል እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የማይረባ የመሰለውን መንገድ ይተውና ጊዜውን ተስፋ ባለው ላይ ያጠፋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ስጦታ መጀመሪያ ላይ ንቆ የሚያልፈው፤ ጠለቅ ብሎ ሲመለስ ያገኘዋል። መበላላት በተጀመረበት መሃል ፍርድ አይሰጥም፤ ነገሩ እስኪሰክን ይከተላል። ንጉሡን ስንት ጠላት እንደከበበው፣ ስንት በር እንደተከፈተበትም ይመዝናል።

እውነትም ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ ተገለበጠ። መምህር ደምሴ ያሸንፋል አለ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እንደገና ተገለበጠ። ንጉሤ ወደ መሃል ወጥቶ አንድ በአንድ እየተራመደ ሲያመልጥ አሳየን። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ማንም የሚደርስበት አልነበረም።

ፈረሱ ስሕተት ነበር ማለት ነው።

«ልክ ነበር ይበሏቸው፤ ምን ይጎዳል?» አለች ልጄ። ሐሙስ ዕለት ወደ ደምሴ ቤት መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል ሄድኩ። ለታመመ ሰው ትንሽ ደስታ መንፈግ ኃጢአት ይሆን? ደግሞስ ዕድሜውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው አምኖ ጠይቆኝ ልዋሸው?

ነገርኩት። ጣሪያውን እያየ፣

«ያን ቀን ፈረሱን ሳስቀምጥ ፊቴን አይተኸዋል?» አለኝ።

«ኧረ አላየሁም።»

«ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ እውነት ነበራ» ብሎ ሳቀ። «ልክ ነህ ቢለኝ ኖሮ ምን ሰጠሁ ይባላል? አሁን ግን ሰጥቻለሁ።»

ከሐሙስ ወዲህ ስለ ራሴ ሳስብ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ስትታመም የእንጨት ሥራ ቤቴን ዘግቼ አስታመምኳት። እሷም አልዳነችልኝ፣ ሥራውም አልተመለሰ። ምን ተረፈህ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ያ ማሽን እንኳ ፍርዱን ሁለቴ ሽሯል፤ እኔ ግን የሰጠሁት በከንቱ ቀረ ብዬ አንዴ አይቼ ፈርጄ ተቀምጫለሁ። እስከ መጨረሻው የሚያየው አንድ እግዚአብሔር ነው።

ደምሴ፣ የክርስትና ስምህን ዛሬ ገና ከእህትህ ልጅ ሰማሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ስንቀመጥ አንድ ቀን አልጠየቅኩህም። ለካህናቱ ሰጥቻለሁ፤ ነገ በፍትሐትህ ሲጠሩት እኔም ከበስተኋላ ሆኜ እጠራዋለሁ። ከፊትህ ያለውን ላይልህ አልችልም። አንተ ግን ሳያዩ መስጠትን ታውቅበታለህ። ነፍስህን ለሰጠህ ጌታ ስጥና ሂድ፣ ወንድሜ።