ከባሕር ተርፈው ካልጋሪ ያረፉ

ብርዱ ሲጠና ደረቅ በረዶ በጫማ ሲረገጥ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አለው፤ አሁንም ዊንተር ላይ ከመኪናዬ ወርጄ ያንን ድምፅ ስሰማ፣ ልጅ ሆኜ በአባቴ ኋላ ኋላ እየሮጥኩ ወደ መካነ መቃብሩ የምንሄድባቸው ቀናት ይመጡብኛል።

ያኔ የምንኖረው ካልጋሪ ውስጥ፣ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ግርማ ኦግደን በሚባለው ሰፈር ዌርሃውስ፣ ማለትም ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እናቴ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሺፍት እየቀያየሩ ይሠሩ ነበር። በከተማው የሥጋ ዘመድ አልነበረንም፤ ዘመድ የምንላቸው ጋሼ ሰይድና እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። እነሱና አባቴ፣ እኔ ሳልወለድ ወደ የመን ሲሻገሩ በሰጠመች ጀልባ ላይ አብረው ነበሩ፤ ከዚያች ጀልባ ተርፈው፣ በየፊናቸው ስንት አገር ዞረው፣ አንዱ ሌላውን እያፈላለገ በመጨረሻ ካልጋሪ ላይ ተገናኙ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ያለፈውን ማንም አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም ነበር።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ባለ ታክሲ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ሰው ነበሩ። ሰመር ሲገባ «ይቺ ልጅ ዋና መማር አለባት» ብለው አባቴን ያስጨንቁት ነበር። አባቴ ውሃ ዳር መቆም ስለማይሆንለት ወደ መዋኛው የሚወስዱኝ እሳቸው ነበሩ። ሌሎቹ ወላጆች ስልካቸውን እየነካኩ ሲጠብቁ፣ ጋሼ ሰይድ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ይቀመጡና፣ ራሴን ውሃው ውስጥ ባጠለቅኩ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር። ወጥቼ ፎጣ ሲያለብሱኝ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ አየው ነበር።

«ጎበዝ! በሚቀጥለው እስከ ወዲያኛው ጫፍ ነው» ይሉኛል።

እስከ ወዲያኛው ጫፍ በዋኘሁበት ዓመት፣ ፎል ገብቶ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ጋሼ ሰይድን ልባቸው በድንገት ጣላቸው። የመስጊዱ ሰዎች አጥበው፣ ገንዘው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መካነ መቃብር በሙስሊሞቹ በኩል ቀበሯቸው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ወቅት በተለወጠ ቁጥር እኔን ይዞ ይጠይቃቸው ጀመር። ስፕሪንግ ላይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ጭቃውን ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያጥባል፣ ሰመር ላይ ሣሩን በጣቱ ይነቅላል፣ ዊንተር ሲመጣ ደግሞ ድንጋዩ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ፣ በረዶውን በእጁ እየገፋ ስማቸው እስኪገለጥ ይፈልጋል። ሰዉ ይገረም ነበር። እናቴ እንኳ «ግርማ፣ ጸሎትህን እቤት ሆነህ አድርስ፤ ልጅቷን በብርድ አትግደላት» ትለው ነበር። እሱ ግን ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቦ ያለብሰኝና እንወጣለን።

በሁለተኛው ዊንተር እትዬ ወርቅነሽ ታመሙ። እግራቸው ከድቷቸው ዊልቸር ላይ ዋሉ፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ መድኃኒት እንደማይረዳቸው ሳይደብቁ ነገሯቸው። ይህን እንደሰሙ አባቴን አስጠርተው «ሰይድ ጋ ውሰደኝ» አሉት።

«እትዬ፣ በረዶው ይቅለጥና ስፕሪንግ ላይ እወስድዎታለሁ።»

«ስፕሪንግን ማን አየልህ? ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንተ ካልወሰድከኝ ታክሲ እጠራለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት፣ በረዶ ሲጥል አድሮ፣ መካነ መቃብሩ በር ድረስ ብቻ ነበር መንገድ የተጠረገው። አባቴ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ዊልቸሩን ሲያወርደው ጎማው በረዶው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔ ወደ ውስጥ ሮጬ አይቼ ተመለስኩና «አባ፣ መንገዱ ክሊር አልተደረገም። ዊ ካንት ጎ» አልኩት። አባቴ መቃብሩ ወዳለበት አየ፣ መልሶ እትዬ ወርቅነሽን አየ።

«እትዬ፣ ከዚህ ሆነው ቢሰናበቱትስ? ይሰማል እኮ።»

«እዚህ ድረስ የመጣሁት ከመኪና መንገድ ላይ እጄን ላውለበልብለት ነው?»

አባቴ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ጀርባውን ሰጥቷቸው ተንበረከከና አዘላቸው። እኔ ከፊት ሆኜ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርሰውን በረዶ እየረገጥኩ መንገድ እከፍትላቸው ነበር። ግማሽ ያህል እንደሄድን አባቴ አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ። እትዬ ወርቅነሽ አንገቱን ሳይለቁ ጆሮው ሥር ተናገሩት።

«ተነስ ግርማ። ባሕሩ ላይ ልተኛ ስትል አላስተኛሁህም፤ እዚህም አላስተኛህም። ተነስ!»

ተነሳ። ቦታው ስንደርስ እኔ በረዶውን ጠርጌ ድንጋዩን አገኘሁት፤ አባቴም ካፖርቱን አውልቆ አነጠፈና አጠገቡ አስቀመጣቸው። እትዬ ወርቅነሽ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

«ሰይድ፣ መጣሁ። አንተን ልሰናበት ነው፣ ለልጅቷም ልነግራት ነው፤ አባቷ መቼም አይነግራትም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታምራት የሚባል አጎት ነበረሽ፤ የአባትሽ ታናሽ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ማዕበሉ አባትሽን ከወንድሙ ለየው። ሰይድ ግን የልጁን እጅ ይዞት ነበር። እኔ አጠገባቸው ጀሪካን ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። ልጁ ትንፋሹ ካለቀ በኋላ እንኳ ሰይድ ይዞት ነበር፤ ውሃው ነው የነጠቀው። አባትሽን ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰይድ ግን እስኪሞት ድረስ "ለቀቅኩት" እያለ ሲያለቅስ ኖረ።»

አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁት።

«እርስዎ ያዩትን ስንቴ ነገርኩት፣ አላመነኝም» አለ። ቀጥሎ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ታምራት መቃብር የለውም። ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው እጅ ግን እዚህ አለ። የምመጣው ለዚህ ነው።»

«አልለቀቅከውም ሰይድ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ድንጋዩን እየዳበሱ። «እኔ አይቻለሁ። ካመንክ እመን፣ ካላመንክም እዚያ ስመጣ እንነጋገራለን።»

ያን የወንበር ጠርዝ የጨበጡ እጆች፣ ያንን በላብ የራሰ ሸሚዝ አሰብኩ። እኔ ከውሃው ስወጣ የሚስቁትን ሳቅም አሰብኩ። እኔም ጓንቴን አውልቄ እጄን ከእትዬ ወርቅነሽ እጅ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ሦስታችንም ብዙ ቆየን።

እትዬ ወርቅነሽ በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። የተቀበሩት እዚያው መካነ መቃብር፣ በክርስቲያኖቹ በኩል ነው። ያንን ቅዳሜ የሆነውን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ብርዱ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እንዲያውም ሻይ በቴርሞስ ይዛ «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለች ከሁላችንም ቀድማ መኪናው ውስጥ የምትገባው እሷ ሆነች።

ዛሬ አባቴና እናቴ እዚሁ ካልጋሪ፣ አቢዴል ሰፈር ይኖራሉ። ሰመር ላይ አባቴን ይዤው ወደ መካነ መቃብሩ እሄዳለሁ፤ ዊንተር ላይ ግን ጉልበቱ እሺ ስለማይለው ብቻዬን ነው የምሄደው። ገና በሩን ሳላልፍ ስልኬ ይጮኻል። «ደረስሽ?» ይለኛል፤ «ሁለቱንም አገኘሻቸው?» እስካገኛቸው ድረስ ስልኩን አይዘጋም፤ በረዶውን ስጠርግ ትንፋሹ ይሰማኛል። በልጅነቴ የታምራት ስም በቤታችን ውስጥ አይነሳም ነበር፤ አሁን ግን አባቴ በስልኩ ውስጥ «በይ፣ ታምራትንም ጥሪልኝ፤ ጮክ በይ» ይለኛል፣ እኔም ማንም ቢሰማ ሳልጨነቅ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።